ሁለት በር ያለው ቤት

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓባዎቻቸው ላይ ይሁን።



በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት መኖሪያ መሥራት በከተሞቻችን የቆየ ልማድ ነው። ከፊት ዋናው ቤት ይኖራል፤ ከኋላ ደግሞ የራሱ ማድቤትና መጸዳጃ ያለው ሌላ ቤት ይከተላል። ባለቤቱ በአንዱ እየኖረ ሌላውን ያከራያል፤ አለዚያም ላገባ ልጁ ወይም ላረጁ ወላጆቹ ይሰጠዋል። ደላሎች እንዲህ ያለውን ግቢ ሲያስማሙ «ትኖርበታለህ፣ ታተርፍበታለህ» ማለት ይወዳሉ። አባባሉ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ መኖርና ማትረፍ ሁልጊዜ አብረው የሚሄዱ ነገሮች አይደሉም። አንዳንድ ጊዜ አንዱ የሚገኘው ሌላውን በመተው ነው።

ባለፉት ወራት እኛም እንዲህ ያለ ግቢ ለመግዛት ስንመክር ከረምን። ጉዳዩን ከመኖሪያነቱ፣ ከገቢው፣ ከሕጉና ከሁሉም በላይ ከሸሪዓው አንጻር ስናገላብጥ ብዙ ነገር ተማርን። ከወንድም ከእህቱ ጋር በአንድ ግቢ ለመግዛት የሚያስብ ቤተሰብ ብዙ ነውና ምክክራችንን ለእናንተ ማካፈሉ ይጠቅማል ብለን አሰብን።

ነገሩ እንዴት መጣ

እኛ ባልና ሚስት ነን። አላህ አራት ልጆች ሰጥቶናል፤ እናታችንም አብረውን ይኖራሉ። ከእነዚህ ሌላ የእህታችን ልጅ አለች። እህታችን ስንል ለአንዳችን የእናትና የአባት ልጅ፣ ለሌላችን የባል እህት ማለታችን ነው። ባሏ ከሞተባት በኋላ ልጇን ለእኛ በአማና ትታ ወደ ጂዳ ሄደች። እዚያም በሰው ቤት እየሠራች ዘጠኝ ዓመት አሳልፋለች። ያኔ ሕፃን የነበረችው ልጅ ዛሬ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ስምንታችንም የምንኖረው በሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ውስጥ ነው።

ለሽያጭ የቀረበልን ግቢ በአዲስ አበባ ዳርቻ ይገኛል። ከፊት ሦስት ክፍል ያለው የብሎኬት ቤት፣ ከኋላ ደግሞ ሁለት ክፍልና አነስተኛ ማድቤት ያለው ቤት ተሠርቶበታል። ዋጋውን እኛ ለብቻችን አንችለውም፤ እህታችንም ለብቻዋ አትችለውም። አቅማችንን ብናስተባብር ግን አብዛኛውን እንሸፍነዋለን። ሐሳቡም ይህ ነበር። የፊተኛው ቤት ለእኛ፣ የኋለኛው ለእርሷ ይሆናል። እስክትመለስ ድረስ የእርሷ ቤት ይከራያል፤ በተመለሰች ጊዜ ማረፊያም ጥሪትም ይቆያታል።

እህታችን ይህን ስንነግራት ብዙ አላወራችም። «ጋሼ፣ እኔ የምፈልገው በር ነው። ስመለስ የማንንም ፊት ሳላይ ቁልፌን አውጥቼ የምገባበት በር» አለች። የምትፈራውን እናውቃለን። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመልሰዋል። ከእነርሱ መካከል ለዓመታት ለቤተሰብ ገንዘብ ሲልኩ ኖረው፣ ሲመጡ ግን ሻንጣቸውን የሚያሳርፉበት ክፍል ያልነበራቸውን በዓይናችን አይተናል። እንግዲህ ጉዳዩ የአንዲት ሴት የዘጠኝ ዓመት ላብ ነው። በቀላሉ «ይሁን» የሚባልበት አልነበረም።

በመጀመሪያ መኖሪያ ነው

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ነሕል ለሰው ልጆች ከሰጣቸው ጸጋዎች መካከል ቤትን የዕረፍትና የመርጊያ ስፍራ አድርጎ ይጠቅሰዋል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሰፊ ቤትንና መልካም ጎረቤትን ከሰው ልጅ የደስታ ምክንያቶች ቆጥረዋቸዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ስንት ያስገኛል?» የሚል አልነበረም። «በዚህ ቤት ውስጥ እናርፋለን ወይ?» የሚል ነበር።

ይህን ጥያቄ ስናነሳ ዓይናችን ያረፈው በእህታችን ልጅ ላይ ነው። የመጀመሪያው ወንድ ልጃችን አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶታል። አብረው አድገዋል፤ እንደ እኅትና ወንድም ይዋደዳሉ። ነገር ግን የአክስትና የአጎት ልጆች በሸሪዓችን አንዳቸው ለሌላው መሕረም አይደሉም፤ ሊጋቡም ይችላሉ። በዚህም ምክንያት ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ከደረሰች ወዲህ ከማለዳ እስከ መኝታ ሰዓት ሒጃቧን አታወልቅም። ፀጉሯን የምታበጥረው በሯን ዘግታ፣ በጥድፊያ ነው። ወንዶቹም ወደ ጓዳ ለማለፍ በሩ ላይ ቆመው ድምፅ ያሰማሉ። ሱረቱ ኑር የፈቃድን ሥርዓት ለቤተሰብ ያስተማረው ለዚህ ነውና ልጆቹ ሥርዓቱን በመጠበቃቸው አላህን እናመሰግናለን። ቢሆንም አንዲት ልጅ በምታድግበት ቤት ዘወትር እንደ እንግዳ ተሸፋፍና መኖሯ ያሳስበናል። ሁለተኛው በር ለእርሷ ከኪራይ ገንዘብ የሚበልጥ ትርጉም እንዳለው የተገነዘብነው ያኔ ነው።

ግቢውን ያየነው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ቀን ሄድን፣ ከመግሪብ በኋላም ሄድን፤ ዝናብ በጣለ ማግሥትም ተመለስን። ሁለት ቤት የተባለው በእውነት ሁለት ቤት ይሁን አይሁን የሚታወቀው በእንዲህ ያለው ጉብኝት ነው። የኋለኛው ቤት ነዋሪ ወደ ውጭ ለመውጣት በፊተኛው ቤት ሳሎን መስኮት ሥር ማለፍ ነበረበት። የኤሌክትሪክ ቆጣሪው አንድ ብቻ ነው፤ የውኃውም እንዲሁ። ሮቶው አንድ ነው፤ የፍሳሽ ጉድጓዱም የጋራ ነው። የኋለኛው ማድቤት መስኮት ደግሞ በቀጥታ ወደ እኛ መኝታ ክፍል ይመለከታል።

እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ይመስላሉ። ነገር ግን በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሰዎችን የሚያጣላቸው ብዙ ጊዜ ትልቅ ነገር አይደለም። የመብራት ሂሳብ ማን ይበልጥ ተጠቀመ፣ የሞላውን ጉድጓድ ማን ያስመጥጥ፣ መስኮቱን ማን ይዝጋ በሚል ነው ልብ የሚሻክረው። ስለዚህ ቤቱን እንደሚገዛ ሰው ብቻ ሳይሆን እንደሚኖርበትም ሰው ቆጠርን። በጎን በኩል ለኋለኛው ቤት የራሱ የእግር በር መክፈት ይቻላል። ሁለተኛ ቆጣሪ ማስገባት ይቻላል። መስኮቱን ከፍ አድርጎ መሥራት ይቻላል። የእነዚህን ወጪ አናጢና ግንበኛ ጠይቀን በቤቱ ዋጋ ላይ ደመርን። ይህ ሳይደመር «ርካሽ ነው» ማለት ራስን መሸንገል ይሆናል።

የገቢው ሒሳብ

ወደ ገቢው እንምጣ። ለአቆጣጠር እንዲያመች ቁጥሩን ክብ አድርገን እናቅርበው። የግቢው ጠቅላላ ዋጋ 5,000,000 ብር ነው እንበል። የፊተኛው ቤት 3,000,000፣ የኋለኛው 2,000,000 ብር ይገመታል፤ የኋለኛው ኪራይ ደግሞ በወር 12,000 ብር ይሁን። ደላላው ይህን ሲያሰላ በዓመት 144,000 ብር ይገኛል፤ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ የቤቱ ዋጋ ተመለሰ ይላል።

እኛ ግን እንዲህ አሰላነው። ተከራይ ለቆ ሌላ እስኪገባ በዓመት የአንድ ወር ኪራይ ቢቀር 12,000 ብር ይቀነሳል። ለቀለም፣ ለጣራ፣ ለቧንቧ ጥገና በዓመት ሌላ 12,000 ብር እናውጣ። የቀረው 120,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ የኪራይ ገቢ ግብርና የቤት ግብር ሲከፈል 100,000 ብር ያህል ተረፈ እንበል። እንዲህ ከሆነ የ2,000,000 ብሩ መመለሻ ጊዜ ሃያ ዓመት ነው እንጂ አሥራ አራት አይደለም። መልካም ገቢ ነው፤ ሐላልም ነው። ሰውን ሁሉ ነገር የሚያስረሳ ትርፍ ግን አይደለም።

በዚህ ላይ የኪራይ ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ጭማሪም አከራዩ እንዳሻው የሚያደርገው አይደለም፤ በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን ነው። ለዓመታት በኪራይ ቤት እንደኖረ ሰው ይህ ሕግ ለተከራይ እፎይታ መሆኑን እንመሰክራለን። ነገር ግን ለእኛ ጉዳይ አንድ ጥያቄ አስነሳ። እህታችን በድንገት ብትመለስስ? ውሉ ገና ስድስት ወር የሞላው ተከራይ በሕጉ የተዘረዘረ ምክንያት ሳይኖር «ውጣልኝ» አይባልም። ሕጉ ባይከለክል እንኳ ልጆቹን ይዞ የገባን ሰው በአንድ ሳምንት ማስወጣት ከሙስሊም አይጠበቅም። ስለዚህ የተከራየ በር እስከ ውሉ ማብቂያ ድረስ የተከራዩ በር ነው። እህታችን «የምገባበት በር» ካለችው ጋር አይገጥምም።

ተከራይ ጎረቤትም ነው። ሱረቱ ኒሳእ የቅርቡንም የሩቁንም ጎረቤት ሐቅ አንድ ላይ አዝዟል፤ ይህ ሐቅ ሙስሊም ላልሆነውም ጎረቤት የሚጠበቅ ነው። በሌላ በኩል ቤቱ ለአረቄ መሸጫ ወይም ለሌላ ሐራም ሥራ እንዲውል ማከራየት አይፈቀድም። ይህን አስቀድሞ በውል ውስጥ ማስፈር ኋላ ከሚመጣ ጭቅጭቅ ያድናል።

እናታችን ደግሞ ሌላ ስጋት አነሱ። አባታቸው በግቢያቸው ሠርተው ያከራዩአቸው የነበሩ ክፍሎች በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 «ትርፍ ቤት» ተብለው ተወስደዋል። «ሁለተኛ ቤት ሲባል ልቤ ይፈራል» ይላሉ። ስጋታቸውን አላጣጣልነውም። ነገር ግን ዛሬ ቤተሰብ ከአንድ ቤት በላይ እንዳይኖረው የሚከለክለው ያ ገደብ የለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ፣ በመሬቱ ላይ የተሠራውን ቤት ግን ለባለቤቱ ሰጥቶታል። የምንገዛው ቤቱንና የመሬቱን የመጠቀም መብት መሆኑን፣ ይዞታው በሊዝ ከሆነም የቀረውን ዘመንና ያልተከፈለውን ገንዘብ ማጣራት እንዳለብን አስረዳናቸው።

ቤቱ የማን ነው?

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የወሰደብን ይህ ጥያቄ ነው። በወንድማማች መካከል «የእኔ የአንተ አንባባል» ማለት ያምራል። ሆኖም እንዲህ የተባባሉ ስንቶቹ ኋላ ፍርድ ቤት ተገናኝተዋል! በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ ስለ ብድር መጻፍና ስለ ምስክር የሚናገረው ነው፤ ከቁርኣን አንቀጾችም ረጅሙ እርሱ ነው። የገንዘብን ነገር መጻፍ ያለመተማመን ምልክት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ስፍራ ባልተሰጠው ነበር።

ከውጭ የሚላክ ገንዘብ በሸሪዓ ስም ሊሰጠው ይገባል። ስጦታ ነው? ብድር ነው? ወይስ የሽርክና ድርሻ? ለልጅ ማሳደጊያ የተላከ ነፈቃ ከቤት ድርሻ ጋር አይቆጠርም። እህታችን ለልጇ የምትልከውና ለራሷ የምታጠራቅመው ከመጀመሪያው ተለይቶ ነው የኖረው፤ ቁጠባዋም በገዛ ስሟ ባለ ከወለድ ነፃ ሒሳብ ውስጥ ነው። በዚህ በኩል ሥራው ቀሎልናል።

ከዚያም እህታችን ለእኛ ድርሻ የጎደለንን እንድታበድረን ሐሳብ አቀረበች። ፍቅሯን አደነቅን፤ ግን ሂሳቡን አየነው። የሳዑዲ ሪያል ለረጅም ዓመታት አንድ ዶላር በ3.75 ሪያል ሒሳብ ሲመነዘር የኖረ ነው። ስለዚህ 3,000 ሪያል ማለት 800 ዶላር ነው። ዶላር በ57 ብር በነበረበት ጊዜ ይህ 45,600 ብር ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፤ ያው 3,000 ሪያል 80,000 ብር ሆነ ማለት ነው። በሪያል የተበደረ በሪያል ይመልሳል። ገቢያችን በብር ለሆነው ለእኛ ሸክሙ ወለድ ሳይኖርበት ሊያጎብጠን ይችላል። ብድሩን በብር እንዋዋል ብንል ደግሞ ጉዳቱ በእርሷ ላይ ይወድቃል። ከሁለት አንዳችን የምንጎዳበትን ውል ተውነው። እርሷ የራሷን ቤት ዋጋ ብቻ እንድትከፍል፣ እኛም የራሳችንን እንድንችል ተስማማን።

በመካከላችን ግማሽ በግማሽ የሚለውንም ሐሳብ ተውነው። የፊተኛው ቤት ይበልጣልና እርሱን ይዘን ግማሽ ብቻ ብንከፍል የእርሷን ሐቅ በላን ማለት ነው። መሀንዲስ ሁለቱንም ቤት ለየብቻ ገምቶ ድርሻው ስልሳና አርባ በመቶ ሆነ። መግቢያው፣ አጥሩና የፍሳሽ ጉድጓዱ የጋራ ሆነው የጥገና ወጪያቸው በዚሁ ድርሻ ይከፈላል። በእኛም በኩል ሚስት ወርቋን ሸጣ ያዋጣችው ገንዘብ ለብቻው ተጽፏል። በሸሪዓ የሚስት ንብረት የሚስት ነውና በባል ስም ተሸፍኖ መቅረት የለበትም።

ካርታው በአንድ ሰው ስም ይሁን ያሉን ነበሩ። «እርሷ ሩቅ ናት፤ ነገሩ ይቀልላችኋል» አሉን። እስቲ ይህ ቢደረግ ምን እንደሚከተል እናስብ። አላህ ዕድሜዋን ያርዝመውና እህታችን ብትሞት፣ አባታችን ስለሌሉና ሌላ ወንድም እህት ስለሌለ ከውርሷ ግማሹ የልጅቷ ነው። ስድስተኛው እጅ የእናታችን ነው። የቀረው ሲሶ ለወንድሟ ይደርሳል። ቤቱ በወንድም ስም ብቻ ከተጻፈ ግን ልጅቷ በወረቀት ምንም የላትም። እኛ ሐቋን እናውቃለን እንበል፤ እኛም ሟቾች ነን። ከእኛ በኋላ ልጆቻችን ካርታውን አይተው የእርሷን ግማሽ እንደ አባታቸው ንብረት ይካፈሉታል፤ ሳያውቁትም የየቲም ገንዘብ ይበላሉ። ሱረቱ ኒሳእ የየቲምን ገንዘብ በግፍ ስለሚበሉ ሰዎች የተናገረውን ዛቻ ለሚያውቅ ሙስሊም ይህ የሚያስደነግጥ ነው። በአደራ የተቀበልናትን ልጅ በገዛ ዝምታችን ሐቋን ማሳጣት አንፈልግም።

ስለዚህ ካርታው በሁሉም ባለድርሻዎች ስም እንዲሆን፣ ድርሻቸውም እንዲጻፍ ወሰንን። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ መሆን እንዳለበት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ይደነግጋል። እህታችን በጂዳ በሚገኘው ቆንስላችን በኩል ውክልና ትልካለች። ውክልናው ግን ቤቱን ለመግዛትና ድርሻዋን በስሟ ለማስመዝገብ ብቻ ነው፤ ለመሸጥ ወይም በመያዣነት ለማስያዝ አይደለም። ወንድምም ቢሆን ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን ባይሰጠው ለእርሱም ለልቡም ይሻላል። የውርስ ክርክር ቢነሳ ደግሞ ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የተጠናከሩት የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ያዩታል።

የጎደለው ገንዘብ

የእኛ ድርሻ ገንዘብ አልሞላም። በወለድ ተበድሮ መጨረስ ለብዙዎች የቀረበ መንገድ ነው፤ እኛ ግን አላህ በግልጽ ሐራም ባደረገው ነገር የቤታችንን መሠረት መጣል አንችልም። ዛሬ ሌላ መንገድ አለ። ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም. ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጡ መመሪያ አውጥቷል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ በመሥራት የመጀመሪያው ሆነ። በሙራበሓ ባንኩ ንብረቱን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አሳውቆ፣ በታወቀ ዋጋ በክፍያ ይሸጥልሃል። እዚህ ላይ ዋናው ነገር ባንኩ ንብረቱን በእርግጥ በእጁ ሳያስገባ እንዳይሸጥ ማረጋገጥ ነው፤ አለዚያ ስሙ ተለውጦ ነገሩ ያው ይሆናል።

እኛ ሌላ ቀላል መንገድ ተገኘልን። ሻጩ የጎደለውን በአሥር ወር፣ ያለ ጭማሪ፣ ለመቀበል ተስማሙ። ለዚህም ዕቁባችን ይደርስልናል። ስለ ዕቁብ ግን አንድ ማሳሰቢያ እናክል። ሁሉም እኩል አዋጥቶ በተራው የሚወስድበት ዕቁብ የመተጋገዝ ብድር ነው። ተራ ሲደርስ ዕጣን በቅናሽ መሸጥ፣ ማለትም ወዲያው አነስ ያለ ወስዶ ኋላ የበለጠ እንዲከፈል ማድረግ፣ በእጅ አዙር ወለድ ነው። ብዙ ወንድሞችና እህቶች ሳያስተውሉ የሚገቡበት በር ይኸው ነው።

ስለ ዘካም ጠይቀናል። ሰው የሚኖርበት ቤት ዘካ የለበትም። ለኪራይ የተያዘ ቤትም በራሱ ዋጋ ላይ ዘካ አይወጣበትም። ዘካ ያለው በኪራዩ ገንዘብ ላይ ነው፤ ወጪው ወጥቶ የተረፈው ከሌላ ገንዘብ ጋር ተደምሮ የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ያህል ከሞላና ዓመት ከዞረበት ከመቶ ሁለት ተኩል ይወጣል። በ40,000 ብር ላይ 1,000 ብር ማለት ነው። ተሽጦ ሊተረፍበት የተገዛ ቤት ግን እንደ ንግድ ዕቃ ስለሚቆጠር ዘካው በዋጋው ላይ ነው። ስለዚህ ሰው ቤት ሲገዛ ኒያውን አስቀድሞ ለይቶ ማወቅ አለበት።

የደረስንበት

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ ግቢውን ለመግዛት ተስማማን። የቀረው ጥያቄ የኋለኛው ቤት ይከራይ ወይስ አይከራይ የሚል ነበር። ሒሳቡ ይከራይ ይላል። በዓመት 100,000 ብር ለእህታችን ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ በሰው ቤት ምን ያህል ወራት ለፍታ እንደምታገኘው እርሷ ታውቃለች። እናታችን ግን «ልጆቼ፣ ኪራዩ ቢቀርም ልጅቷ ትረፍ። እኔ ከእርሷ ጋር እገባለሁ» አሉ።

እኛ አልወሰንም፤ ቤቱ የእኛ አይደለምና። ሁለቱንም ሐሳብ ከነሂሳቡ ለባለቤቲቱ አቀረብን። ኪራዩን ብትመርጥ በምንም አንቀየማትም፤ ልጅቷንም እንደ ወትሮው እናኖራታለን አልናት። እርሷም ኢስቲኻራ ሰግዳ ከጥቂት ቀናት በኋላ መልሷን ላከች። እናቷና ልጇ ይግቡበት፣ ልጅቷ አድጋ ስትዳር ወይም እርሷ ስትመለስ ስለ ኪራዩ ይታሰባል አለች። «እኔ እዚህ የሰው ቤት አጸዳለሁ፤ ልጄ የራሷን ቤት ታጽዳ» የሚለው ቃሏ እናታችንን አስለቅሷቸዋል።

በገበያው ሚዛን እህታችን በየዓመቱ 100,000 ብር ቀረባት። በእኛ ሚዛን ግን ያንን ገንዘብ ከፍላ ለልጇ መጠለያ፣ ለእናቷ ማረፊያ፣ ለራሷም ከተከራይ ጋር ሳትከራከር የምትገባበትን በር ገዝታበታለች። ቤቱም ዋጋውን ይዞ ይቆያታል። በቤተሰብ ላይ የሚወጣ ገንዘብ ኒያው ከተስተካከለ ሰደቃ ሆኖ እንደሚቆጠር ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ተምረናል፤ ይህ ምንዳ በደላላ ሒሳብ ውስጥ አይገኝም።

እንዲህ ስንል ማከራየት አይበጅም ማለታችን አይደለም። ልጆቹ ትንንሽ የሆኑበት፣ ግቢው በደንብ የተከፈለለት ቤተሰብ የኋላውን አከራይቶ ቢጠቀም መልካም ያደርጋል። የምንለው ይህን ነው። ሁለት በር ያለው ቤት ስትገዙ እያንዳንዱ በር በእውነት የሚዘጋ መሆኑን እዩ። ከበሩ በስተኋላ ያለው ድርሻ የማን እንደሆነ በስሙ አስጽፉ። ወለድ ወደ መሠረቱ አታስገቡ። ኪራዩንም የምትቆጥሩት የቤተሰቡ ሰው ሁሉ የሚያርፍበት ስፍራ ካገኘ በኋላ ይሁን።

አላህ ሐላል ሲሳይን ይለግሰን፤ ቤቶቻችንን የሰላምና የዕረፍት ያድርግልን፤ በባዕድ አገር የሚለፉትን እህቶቻችንንም በሰላም ወደየቤታቸው ይመልስልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።